የሠላሳ ደቂቃ ወንበር

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «አራት ነጥብ» ነበር የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት በአራሚነት ስትሠራ፣ ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ ሲያልቅ ካየች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እሷ እንደሆነች አልከፋትም። «እንኳንም ጥያቄ ምልክት አላላችሁኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ክፍሏ ከማሽኖቹ አዳራሽ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ቀይ እስክሪብቶ የታጨቀበት ጣሳ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ መስኮት። ኮሮና ከገባ ወዲህ በሯ ላይ ግልጽ ላስቲክ ተወጥሮላት ስለነበር፣ ወረቀት የሚያመጣላት ሁሉ በላስቲኩ ሥር እጁን አሾልኮ ነበር የሚያቀብላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከጤና ቢሮ የመጣ ሥራ ደረሳት። ስለ ክትባቱ የሚያስረዳ፣ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ በራሪ ወረቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ማሽን ላይ መውጣት ስላለበት ቦርሳዋን እንኳ በቅጡ ሳታስቀምጥ ማንበብ ጀመረች። ሁለት የፊደል ግድፈትና አንድ የተደገመ ቃል አገኘች። ከዚያ በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው መሀል እንዲህ የሚል ገጠማት፦ «ከዚህ ቀደም በመድኃኒት ወይም በመርፌ ምክንያት ከባድ አለርጂ ገጥሞዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ ከተከተቡ በኋላ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።»

እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ።

«በኋላ?» አለች ለብቻዋ። «በኋላማ ምን ዋጋ አለው!»

ወዲያው ስልክ አነሣች። ከወዲያ ያለችው የቢሮው ሠራተኛ ረቂቁን አገላብጣ አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «ኧረ በሞትኩት! ‹ከመከተብዎ በፊት› ነው የሚለው። ሠላሳ ሺህ ቅጂ እኮ ነው! እንኳን አየሽልን፣ እህቴ።»

«በኋላ» የሚለውን በቀይ ሰርዛ «በፊት» ብላ ጻፈችበት፣ ፈረመች፣ በላስቲኩ ሥር አቀበለች። ሥራዋ አልቋል። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ያ ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ስለ እሷ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ጉሮሮዋ ቆስሎ አባቷ ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር። ፔኒሲሊን ተወጋች። ገና ከደጁ ሳይወጡ ከንፈሯ እንደ ሰፍነግ አበጠ፤ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት መሰላት፤ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የአባቷን ሸሚዝ ሽታና የሚሮጥ ሰው የልብ ምት ብቻ ነው። ስትነቃ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ካርዷ ላይም በቀይ ቀለም «አደገኛ አለርጂ» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ መርፌ የሚባል ነገር ሸሽታ ኖረች። ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ አስነቅላለች። ከስምንት ዓመት በፊት ስኳር ሲገኝባት፣ ሐኪሙ «ወደፊት ኢንሱሊን መወጋት ሊያስፈልግሽ ይችላል» ስላላት ብቻ ጣፋጭ ነገር ከቤቷ አባረረች፤ ማታ ማታም በእግሯ ወደ ቤት መመለስ ጀመረች። ሰው «እንዴት ያለ ብርታት ነው!» ይላታል። ብርታት ሳይሆን ፍርሃት እንደሆነ የሚያውቁት እሷና አባቷ ናቸው።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ መጽሐፍ የሚጠርዘው ወጣት ከላስቲኩ ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብሎ ቆመ። እጁ ሙጫ በሙጫ ነው።

«እትዬ፣ በራሪ ወረቀቱን አነበብሽው አይደል?»

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«እንግዲህ በዚህ ቤት አንቺ ያልፈረምሽበት ነገር አይታተምም። አንቺ ከተከተብሽ እኔም እከተባለሁ፤ አንቺ ከተውሽው እኔም እተወዋለሁ። አበቃ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ደንግጣ። «አንተ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነህ፤ እኔ ስኳር ያለብኝ አሮጊት። የኔ ነገር ካንተ ጋር ምን አገናኘው? ሄደህ ስለ ራስህ ሐኪም ጠይቅ።»

«እሱማ እውነት ነው፤ ግን እኔ ቃላቱ አይገቡኝም» አለና እየሳቀ ሄደ።

እሱ ሳቀ እንጂ እሷ መሳቅ አልቻለችም። የራሷ ጭንቀት ሳያንስ የሌላ ሰው ተጨመረባት።

የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ቤታቸውን ዘግተው እሷ ዘንድ ገብተዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። የናፍጣ ጢስና የወጣትነት ሲጋራ ተባብረው ሳንባቸውን ጎድተውታል። ክትባቱ ለአረጋውያን የተፈቀደ ዕለት የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ገቡ፤ ጠቅልለው ወጡ። «ትንኝ ትብሳለች» አሉ፤ በዚያው በእግራቸው ጋዜጣ ሊገዙ ሄዱ።

እናም ያን ምሽት እራት ላይ ነገሩን ስታነሣ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ተወጊው እንጂ!» የሚሏት መስሏት ነበር። አባቷ ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ አትወጊም» አሉ።

«እንዴት አባባ? እርስዎ ተከትበው የለ?»

«እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። ቢገለኝም ምን ቀርቶብኝ? አንቺ ግን...» አልጨረሱትም። «ፊትሽ ሲጠቁር ያየሁት እኔ ነኝ። አንቺ አላየሽውም።»

«እኔ ግን በየቀኑ ሥራ እውላለሁ፤ አሥራ አምስት ሰው የሚያስልበት ቤት ነው። ይዤው ብመጣብዎትስ? እኔ ራሴስ ብታመም? ስኳር ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ሰምተው የለ?»

«ማስክሽን አድርጊ። እጅሽን ታጠቢ። እስካሁን አልያዘሽም፤ ወደፊትም አይዝሽም።» ማንኪያቸውን መልሰው አነሡ። በሳቸው ቤት ጉዳዩ ተዘጋ።

ለእሷ ግን አልተዘጋም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አባቷ ጋዜጣቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ሲቀመጡ፣ እሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋች። የምትፈራውን በሙሉ በአንድ ወገን፣ የምትጠብቀውን ጥቅም በሌላው ወገን ልትጽፍ ነው። «ልሞት እችላለሁ» ብላ ጀመረች። ትንሽ አየችውና ሰረዘችው፤ ያለ ቁጥር የተጻፈ ፍርሃት ነው፤ ከፔኒሲሊን በስተቀር በምን ልትሞት እንደምትችል አታውቅም። «ክትባቱ ያድነኛል» ብላ ጻፈች። እሱንም ሰረዘች፤ በራሪ ወረቀቱ ራሱ «ጽኑ ሕመምን ይቀንሳል» አለ እንጂ ያድናል አላለም። የሰው ጽሑፍ ሲሆን እንዲህ ያለ ቃል አታሳልፍም፤ ለራሷ ሲሆን ለምን ታሳልፋለች? በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው «አላውቅም» የሚለው ብቻ ሆነ። ይህን ያህል ዓመት ያስፈራራት ነገር ምን እንደሆነ አንድም ቀን ሰው ጠይቃ አታውቅም። ካርዱ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አምና ኖረች እንጂ።

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ ስትሰማ ግን የማትቸኩል ሴት ናት። ከመናገሯ በፊት ጠየቀቻት፦ መርፌውን በተወጋች በስንት ደቂቃ ነው የጀመራት? ሽፍታ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን መድኃኒት ወስዳለች? ምግብስ? ንብስ ነድፏት ያውቃል? አራት ነጥብ የምታውቀውን ሁሉ መለሰች፤ ብዙውን ግን አታውቀውም።

«እሺ» አለች ሐኪሟ። «የገጠመሽ ነገር እውነተኛ አለርጂ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ። ክትባቱ ውስጥ ፔኒሲሊን የለም። ደግሞ በልጅነታቸው የፔኒሲሊን አለርጂ የነበረባቸው ብዙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ይለቃቸዋል፤ ያንቺ ይልቀቅሽ አይልቀቅሽ ወደፊት በምርመራ እናየዋለን።»

«ስለዚህ ምንም አይነካኝም?»

«እንደሱ አላልኩም። ከሚሊዮን ሰው ጥቂቶቹ ላይ ክትባቱ ራሱ ከባድ አለርጂ ያስነሣል። አንቺ ከነዚያ እንዳልሆንሽ ልምልልሽ አልችልም፤ ማንም አይችልም። የምችለው፣ ቢነሣ እንዳይገድልሽ ማድረግ ነው። እዚህ ትከተቢያለሽ፤ ሌላው ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ አንቺ ሠላሳ ትቀመጫለሽ፤ አለርጂውን የሚያቆመው መርፌ፣ አድሬናሊኑ፣ ከአጠገብሽ ይሆናል። በዘጠኝ ዓመትሽ ያ ሁሉ አልነበረም።» ካርዷን አገላብጣ አየችና ጨመረች። «በሌላ በኩል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነሽ፤ ስኳር አለብሽ፤ ሥራሽ ከሰው ጋር ነው። በሽታው ቢይዝሽ የሚያሰጋኝ ከዚህ ይበልጣል። እኔን ከጠየቅሽኝ እንዲህ ነው። የምትወጊው ግን አንቺ ነሽ፤ አስቢበት።»

አራት ነጥብ ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ ፍርሃቷ ጥሏት አልሄደም። ግን ልክ አገኘ። እስከዚያ ቀን ቤቱን ሞልቶት የነበረ ነገር አሁን አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሆነ።

ለአባቷ ስትነግራቸው ተቆጡ። «ሐኪሞች ያኔም እናውቃለን ብለው ነው ለዚያ ያበቁሽ» አሉ። እሷ ግን ድርቅ አለች። «አርብ በአራት ሰዓት ነው ቀጠሮዬ። አልጠየቅኩዎትም አባባ፤ እየነገርኩዎት ነው።» በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ለአባቷ እንዲህ ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። እሳቸውም ሁለት ቀን ሙሉ «አዎ» እና «አይ» ከማለት በቀር አላነጋገሯትም።

አርብ ጠዋት ግን ስትነሣ ለባብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በሩ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? ልሸኝሽ ነው።»

«የሰው መዓት ያለበት ቦታ ነው እኮ፣ አባባ...»

«ሁለት ማስክ አድርጌያለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ ደርበውታል።

መርፌው ራሱ ምንም አልነበረም። ነርሷ «ትንሽ ቆንጠጥ» አለች፤ ቆንጠጥ አደረጋት፤ አለቀ። ከዚያ ሰዓቱን በወረቀት ላይ ጽፋ ደረቷ ላይ ለጠፈችላትና ወደ መጠበቂያው ክፍል ላከቻት። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረዋል። አባቷ አንዱን ወንበር እየጎተቱ አመጡና ከፊቷ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን አንገቷ ላይ ተከሉ። ወደ ሰዓታቸው አንዴ፣ ወደ አንገቷ አንዴ። አውቶቡስ ሲነዱ መስታወቱን የሚያዩት እንዲህ ይሆናል።

«አባባ፣ እባክዎ ሌላ ነገር ይዩ።»

«ምን አገባሽ? የራሴ ዓይን ነው።»

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሮዋ ደረቀ። ምራቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ አልወርድ አላት። ልቧ ይዘል ጀመር፤ መዳፏ ላብ አወጣ። «መጣ» አለች በሆዷ። እጇን ስታነሣ አባቷ ከሷ ቀድመው ብድግ አሉና «ነርስ! ልጄን!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ።

ነርሷ እየሮጠች መጣች። ምላሷን አየች፣ ከንፈሯን ነካች፣ ክንዷንና አንገቷን ሽፍታ ፈለገችበት፤ ደረቷን አዳመጠች፤ የደም ግፊቷን ለካች። አድሬናሊኑ የተቀመጠባት ትሪ ከጎኗ ናት።

«እዪኝ እህቴ» አለቻት። «ከንፈርሽ አላበጠም፤ ትንፋሽሽ ንጹሕ ነው። ይህ ፍርሃት ነው። ከኔ ጋር ቀስ ብለሽ ሳቢ... መልሺ... እንደገና። የትም አልሄድም።»

ሳበች፤ መለሰች። ቀስ በቀስ ምራቋ ወረደላት። ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነርሷ ዞር ስትል ሽማግሌው ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። አስቀመጠቻቸውና የሳቸውንም ግፊት ለካች። «ኧረ አባቴ! የርስዎ ነው የባሰው። ማንን ነው የከተብነው?» ስትል አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሳቁ። አራት ነጥብም ሳቀች። አባቷ ብቻ አልሳቁም።

ነርሷ ከሄደች በኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«የዚያን ቀን» አሉ፤ «ሐኪም ቤት ስንደርስ ጤና ረዳቱ እንክብል ነበር ሊሰጥሽ የፈለገው። ‹በአራት በአምስት ቀን ትድናለች› አለኝ። ‹የለም፣ መርፌ ውጋልኝ› ያልኩት እኔ ነኝ።»

እሷ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱን ማውጣት ነበረብኝ። እናትሽ ሥራ ናት። እንክብሉን በየስድስት ሰዓቱ ማን ይሰጥሻል? መርፌው ባንድ ጊዜ ይገላግለናል ብዬ ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አመንትቷል፤ እኔ ነኝ ያጣደፍኩት። ሰዓት እያየሁ።»

«ለእማዬ ነግረዋት ነበር?»

«ለማንም አልተናገርኩም። ‹ሐኪሞቹ ናቸው› ስትል ዝም አልኳት።»

አራት ነጥብ አባቷን አየቻቸው። እስከ ዛሬ ያን ቀን ስታስበው፣ እሳቸው ተሸክመዋት የሚሮጡ ጀግና ነበሩ። አሁንም የሮጡት እሳቸው ናቸው፤ እሱ አልተለወጠም። ግን ለምን ያን ያህል እንደሮጡ ገባት። «አትወጊም» ሲሏትም ከራሳቸው ጋር ይነጋገሩ እንደነበር ገባት።

«አርባ ሦስት ዓመት ይህን በሆድዎ ይዘው ኖሩ?»

«የት ላስቀምጠው?»

ማስክ ስላደረጉ ፊታቸው አይታይም፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋችና እጃቸውን ያዘች። «ልጅዎን ለማዳን ነው የወሰዷት» አለች። «እኔም ብሆን መርፌውን ነበር የምመርጠው። ማን ያውቃል?» ሠላሳው ደቂቃ ሲሞላ ነርሷ መጥታ «ጨርሳችኋል» ብላ አሰናበተቻቸው።

በዚያው ሌሊት ትኩሳት ያዛት፤ ክንዷን ማንሣት አቅቷት ሁለት ቀን ተኛች። አባቷ በየሰዓቱ በሩን ከፈት አድርገው ያዩዋት ነበር። ሰኞ ሥራ ስትገባ ጠራዡ ላስቲኩ ሥር አንገቱን አስገብቶ «እህስ፣ ቀንድ አበቀልሽ?» አላት። ሐኪሟ ያለቻትን፣ የተኛችበትንም፣ ጉሮሮዋ የደረቀበትንም ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። «አሁን የራስህን ሂድና ጠይቅ» አለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጅጌውን ጠቅልሎ የተወጋበትን አሳያት። ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ጓደኛው ግን አልፈልግም አለ፤ እሷም አልጨቀጨቀችውም።

ሁለተኛውን ክትባት ብቻዋን ሄዳ ተወጋች። አባቷ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ሸኝተዋት ተመለሱ።

በሽታው ከአምስት ወር በኋላ ቤታቸው ገባ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ምናልባት እሷ ናት፤ በዚያ ሳምንት ማተሚያ ቤቱ ግማሹ ሰው አልገባም ነበርና። እሷን ለአምስት ቀን አንዘፈዘፋት፤ ስኳሯ ከፍ ዝቅ አለ፤ የምግብ ጣዕም ጠፋባት። አባቷ ግን በስድስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆዩ። እሷ ቤት ተዘግቶባት ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ክትባቱ ባይኖር ምን ይሆኑ እንደነበር ሐኪሟን በስልክ ስትጠይቃት፣ «እሱን የሚነግርሽ የለም» አለቻት። «እኔ ግን የዛሬ ዓመት እንደሳቸው ያሉትን ሰዎች ስቀበል ነበር። ያኔ በሦስት ቀን የሚወጣ አልነበረም።» ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ሳይከተብ በሁለት ቀን ንፍጥ ብቻ አለፈለት፤ ደውሎም «አየሽ!» አላት። አየች። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለችው ከልቧ።

አባቷ ከሆስፒታል ሲመለሱ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበር። ሦስቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፉ፣ ክንዷን ይዘው ወጡ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። አልጋቸው ላይ አረፍ ሲሉ ሾርባ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጡና «ጨው የለውም» አሉ።

«አለው፤ ምላስዎ ነው» አለቻቸው።

«ይሁን» አሉና ትራሳቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሷ ሳህኑን አነሣች፤ የክፍሉን መስኮት በትንሹ ከፈተችና ለማተሚያ ቤቱ ደውላ ሐሙስ ሥራ እንደምትገባ ነገረች።